ልጄ ስህተቶቿን ሰምታ የሳቀችበት ቅዳሜ

ይህን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ከትምህርት የቀረሁት አራተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ሐሳቤ ወዲያ ወዲህ ካለባችሁ ታገሡኝ። የኮምፒውተሩን ነገር አሳስቼ እንዳልጽፍ ለልጄ አንብቤላታለሁ። ሁለት ቦታ ላይ አረመችኝና «ሌላው ደህና ነው» አለችኝ።

ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን የገባሁት ልጄን ለማስተማር ብዬ ነው። ልጄ ሰብለ ትባላለች። አምስት ዓመቷ ላይ ኩፍኝ ሁለቱንም ዓይኖቿን ወሰደባት። አባቷ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረው ዓይን የእኔ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ፈሪ ነበርኩ። ሰብለ ሻይ ስትጥድ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ይዤ አያታለሁ። ወደ ግቢ ስትወጣ ትላንት ያልነበረ ድንጋይ ወይም ባልዲ እንዳያደናቅፋት ቀድሜያት እወጣለሁ። ልጅ ሳለች አንድ ቀን በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ ውኃ መስሏት ተጎነጨች። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ለቤቴ ሕግ አወጣሁ፤ ሁሉም ነገር ለብቻው። ጨውና ስኳር አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። ዘይትና በረኪና አንድ ክፍል ውስጥ አያድሩም። ሳሙናው፣ መድኃኒቱ፣ የእሷ ልብስ፣ የእኔ ልብስ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዕቃ፣ የራሱ ጥግ አለው። እንግዳ በርጩማ ካነቃነቀ ገና ሳይወጣ በርጩማውን ቦታው እመልሰዋለሁ። ሰብለ በዚህ አደገች። እጇን ዘርግታ የፈለገችውን ታነሳለች፤ አትሳሳትም።

አንድ ነገር ብቻ ቦታ አጣሁለት። እኔ ስሞት ማን ያይላታል? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ግን ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስታጣ ኮድ መጻፍ ተማረች። ኮድ ማለት ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ጽሑፍ ነው። ዓይነ ስውር እንዴት በኮምፒውተር ይጽፋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ያለውን እያነበበ የሚነግራት የወንድ ድምፅ አለ። እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ ፍጥነቱ አንድም ቃል አያስይዝም። እኔ «ሰውዬው» ነው የምለው። መጀመሪያ ሰሞን ሰውዬው መናገር ሲጀምር ቤት ውስጥ ወንድ የገባ እየመሰለኝ ነጠላዬን አስተካክል ነበር። ሰብለ ይህን ስነግራት እስኪያማት ሳቀች።

ሰውዬው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። የተጻፈውን ያነባል እንጂ ልክ ይሁን ስህተት አይነግራትም። አንዲት ምልክት ከቀረች ሥራው በሙሉ ይቆማል፤ የቀረችውን ምልክት ለማግኘት ደግሞ መቶ መስመር ከላይ እስከ ታች በጆሮ መስማት አለባት። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ሜሮን ታይላት ነበር። ሜሮን ሐዋሳ ሥራ ይዛ ሄደች። ቀስ በቀስም ሥራ በዛባትና ስልክ ማንሳት ተወች። አይፈረድባትም፤ የራሷ ኑሮ አላት።

እንዲህ እያለን አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሰብለን ለፈተና ጠራት። ቤቷ ሆና አንድ ፕሮግራም ሠርታ ሰኞ ጠዋት እንድትልክ ነው የታዘዘችው። ዓይነ ስውር መሆኗን ነግራቸዋለች፤ «ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው» አሏት። ይህንን ስትሰማ ደስ አላት። እኔ ግን ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እንደበላን ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«እማዬ፣ ዛሬ አንድ ነገር እሞክራለሁ።»

«ምን?»

«ኮድ የምጽፍበት ኤዲተር ብቻውን እንደ ደብተር ነው። ደብተር ምን ተጻፈብኝ ብሎ አይጨነቅም። ከኤዲተሩ ጀርባ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ላንጉጅ ሰርቨር ይሉታል። የምጽፍበትን ቋንቋ ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል። እኔ ስጽፍ ኤዲተሩ ይጠይቀዋል፣ እሱ ይመልስለታል። የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳትኩ፣ ለምን እንደተሳሳትኩ፣ እዚያው።»

«ለማን ነው የሚነግረው?»

«ለሰውዬው። ሰውዬው ደግሞ ለእኔ።»

«ሜሮን ታደርግልሽ የነበረውን ነዋ!»

«አዎ። ግን ሜሮን እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ይደብራታል።»

«ካልሠራስ?»

«ካልሠራ ሰኞ የምልከው ስህተት የሞላበት ሥራ ነው። ቢቀጥሩኝም የሰው ዓይን እየለመንኩ እኖራለሁ። ለዛሬ አንቺ አለሽ፣» አለችኝ፤ ቀጥላም ሌላ ወሬ ጀመረች። በልቤ የያዝኩትን ነገር እሷም እንደያዘችው ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ሰርቨሩን ከኢንተርኔት ማውረድ ነበረባት። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ግማሽ ላይ ይደርስና ይቋረጣል። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ደጅ የሚያፏጨውን ንፋስ እየሰማሁ ኮምፒውተሩ ብርድ መትቶት ይሆናል ብዬ ጋቢ ደረብኩበት።

«እማዬ! ይታፈናል! እሱ እንኳን ጋቢ ሊፈልግ፣ እየነደደ ነው።»

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ዘሃራ ገባች። ዘሃራ ከቆላው ከአልዩ አምባ መጥታ እዚሁ ግቢ የተከራየች፣ ፍራፍሬ ነጋዴ ናት። አፏ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ማር ነው።

«ምነው አፋችሁን ዘግታችሁ? ለቅሶ አለ እንዴ?»

«ኔትወርክ እንቢ ብሎን ነው እትዬ ዘሃራ፣» አለቻት ሰብለ።

ዘሃራ ስልኳን አወጣች። «ትላንት ዳታ ሞልቻለሁ። ልጆቼ በቪዲዮ ከሚጨርሱብኝ አንቺ ተጠቀሚበት። የእኔ ኔትወርክ ጠንካራ ነው፣ የቆላ ሰው ስለሆነ ቶሎ አይደክምም።»

በዘሃራ ስልክ ወረደ። ሰብለ እጆቿን አሻሸች፤ ጣቶቿ ቀዝቅዘው ነበር። ሆን ብላ የተበላሸ መስመር ጻፈችና ጆሮዋን ወደ ኮምፒውተሩ አዘነበለች። ሰውዬው የጻፈችውን አነበበላት። ሌላ ምንም አላለም።

ዘጋችው፣ ከፈተችው። አሁንም ምንም። አውጥታ እንደገና ጫነችው። ምንም። ሰውዬው የሚያውቀውን ያነባል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

«ጾም ይዟል እንዴ ይሄ ማሽን?» አለች ዘሃራ። «የእናንተ ጾም ደግሞ መቼ እንደሚገባ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም።»

ሰብለ አልሳቀችም። ሰብለ በዘሃራ ቀልድ ካልሳቀች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። እኔ እመብርሃንን መጥራት ጀመርኩ። ጭራሽ ያን ሰዓት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ በባትሪ ቀጠለ፤ ባትሪው ደግሞ ያረጀ ነው። ሰውዬው በየመሀሉ የቀረውን መጠን ይናገራል። እኔ የእንግሊዝኛ ቁጥር እስከ ሃያ ብቻ ነው የማውቀው፤ ስለዚህ ስንት እንደቀረ አልገባኝም ነበር። ያልገባኝ ቁጥር ሁሉ ብዙ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ሰብለ ድንገት ቀና አለች። «ቆይ። ስከፍተው አንድ ድምፅ ይሰማኛል። ጢው የምትል። መልእክት ናት። ስክሪኑ ላይ ብቅ ትልና ሰውዬው ሳያነባት ትጠፋለች። እማዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። አንቺ አንብቢያት።»

«እኔ?»

«አንቺ። የእንግሊዝኛ ፊደል ታውቂያለሽ።»

«ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን የት አውቄ!»

«ትርጉሙን እኔ አውቃለሁ። አንቺ ፊደሏን ብቻ ንገሪኝ።»

እናንተ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። የልጄ ዕድል በእኔ የአራተኛ ክፍል ንባብ ላይ ተንጠለጠለ። ተቀመጥኩ። ከፈተችው። ጢው አለ። በስተቀኝ ታች አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ ቀይ ክብ ነገር አየሁ፣ ሳጥኗ ጠፋች።

«ምን ይላል?»

«ቀይ ነው።»

«ፊደሉ እማዬ!»

እንደገና ከፈተች። «ሲ» አልኩ፣ «ኦ» አልኩ፣ ጠፋች። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ዓይኔ እንባ ስለሞላ ሲንም አላየሁትም። ሰብለ በእጇ ፈልጋ ጉልበቴን ያዘችኝ። «እማዬ፣ አትቸኩዪ። ሺህ ጊዜ እከፍትልሻለሁ።»

«በምን ባትሪ ነው ሺህ ጊዜ?» አለች ዘሃራ። «የሰብለ እናት፣ አንቺ ደግሞ! የእኔ ልጅ ሰርግ ተጠርታ ስትሄድ ምግቡን ሳትቀምስ ፎቶ ታነሳዋለች። አንቺ ይህን ማንሳት አቃተሽ?»

ስልኬን አነሳሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የወጣው አውራ ጣቴ ነው። ሁለተኛው ጭጋግ ብቻ ነው፤ ጉም የማይለየው ጣርማ በር ላይ ያነሳሁት ይመስል ነበር። በሦስተኛው ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሰብለ ከፈተች፣ ጢው ሲል ነካሁት። ሳጥኗ ከስክሪኑ ጠፋች። ስልኬ ውስጥ ግን ቁጭ ብላለች፤ የትም አትሄድም።

በጣቶቼ ገፋ ገፋ አድርጌ አሰፋኋትና አንድ በአንድ መጥራት ጀመርኩ። ክፍት ቦታ ሲኖር «እዚህ ክፍት ነው» እላለሁ። ያልታወቀኝን «እንደ ዱላ ቀጥ ያለ» ብዬ እነግራታለሁ። ሰብለ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትይዘዋለች። መጨረሻው ላይ ደርሼ «አንድ ነጥብ አለ፣ አበቃ» ስላት ቃላቱን ለራሷ ደገመቻቸው። ሰውዬው መሀል ገብቶ «ናይንቲን» አለ። ይህችኛዋን አውቃታለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ናት።

ከዚያ ሰብለ መሳቅ ጀመረች።

«ምን አለሽ ልጄ? ተበላሸ?»

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ!»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«‹የፕሮጀክቱን መነሻ አላገኘሁትም› ነው የሚለው። ሰርቨሩ በአንድ በር ገብቶ ቤቱን በሙሉ ማየት ይፈልጋል። አንዱ ፋይል ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ ምን አድርጌአለሁ መሰለሽ? እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው አስቀምጬዋለሁ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ። ‹ይህ ፕሮጀክት ነው› ብላ የምታሳውቀዋን ትንሿን ፋይል ራሷን ለብቻዋ በሌላ ፎልደር አስገብቻታለሁ። እስካሁን በረጅም አድራሻ እየተጠራሩ ይሠሩ ስለነበር ችግሩ አልታየኝም።»

«ለምን እንደዚያ አደረግሽ?»

«ጨውና ስኳር አንድ ላይ አይቀመጡማ!»

ዘሃራ በርጩማዋ ላይ ሆና ወደ ኋላ ልትወድቅ ደረሰች። «ወላሂ እውነቷን ነው! እዚህ ቤት ሽንኩርትና ቲማቲም እንኳን ተኳርፈው ነው የሚኖሩት!»

እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። «ካቀላቀልሻቸው ትሳሳቻለሽ ልጄ፣» አልኳት።

«ልሳሳት እማዬ። አሁን የሚነግረኝ አለ።»

ሁሉንም ወደ አንድ ፎልደር መሰብሰብ ጀመረች። ጣቶቿ ይፈጥናሉ፣ ሰውዬው ይከተላታል፤ መሀል ላይ ደግሞ ቁጥሩን ይጠራል። ፎርቲን። ዘሃራ መቁጠሪያዋን አውጥታ ዱኣ ታደርጋለች። እኔ ቆሜአለሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ረጃጅሞቹን አድራሻዎች አሳጠረች። ኢለቨን። ትንሿን ፋይል ከሁሉ በላይ፣ እንደ ደጃፍ አስቀመጠቻት። ከዚያ ኤዲተሩን ዘግታ ፎልደሩን እንዳለ፣ በሙሉ ከፈተችው።

ጢው አላለም።

ጠበቅን። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ። ከዚያ ሰውዬው አፉን ከፈተ። ያለ ወትሮው፣ ያልጻፈችውን ነገር ነገራት። ተናገረ፣ አሁንም ተናገረ፣ አላቆም አለ። ሰብለ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ይላል? ተቆጣ እንዴ?» አልኳት።

«ስህተቶቼ ናቸው! እማዬ፣ ስህተቶቼን እየነገረኝ ነው! ሁሉንም! ይሄውና፣ ሦስተኛው ፋይል ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ስፈልጋት የነበረችው! እዚህ ነበረች?» ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ጠረጴዛውን ትመታለች።

በዕድሜዬ ጥፋቱ ሲነገረው እንዲህ የተደሰተ ሰው አላየሁም።

ያን ሰዓት መብራት መጣ። ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ ለመብራቱ ይሁን ለሰርቨሩ አላወቅሁም። ሰብለ መሥራቷን ቀጠለች። አንዱን ታርማለች፣ የስህተቶቹ ቁጥር ይቀንሳል። ቃል ጀምራ ሳትጨርሰው ሰውዬው ሊሆን የሚችለውን ይነግራታል፤ እሺ ስትለው ይጽፍላታል።

ከዚያ ያየሁትን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት።

«እማዬ፣ እይ። ይህች ስም የት እንደተፈጠረች ልጠይቀው» አለችና አንድ ቁልፍ ነካች። ስክሪኑ ላይ የነበረው ገጽ ጠፍቶ ሌላ ገጽ መጣ፤ ከሌላ ፋይል፣ ከመሀሉ፣ ልክ ያቺ ስም ያለችበት መስመር። መልሳ ነካች፤ ተመለሰች። ሌላ ስም ያዘች፣ ወደ ሌላ ፋይል ሄደች፣ ከዚያም ወደ ሌላ፣ ተመለሰች። እኔ በዓይኔ መከተል አቃተኝ። በቤታችን ውስጥ ልጄ የምትሄደው ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ነው። በመንገድ ላይ የምትሄደው ክንዴን ይዛ ነው። እዚያ ውስጥ ግን የምትይዘው ግድግዳ የለም፣ ክንድም የለም። አምስት ዓመቷ ላይ ከታመመችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ስትሮጥ አየሁ።

ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ጫማዬን ማውለቅ ነው ያማረኝ።

«ማን ነው ይህን የሠራው?» አልኳት።

«ሰዎች ናቸው። የት እንዳሉ አላውቅም። ሠርተው ለሁሉም በነጻ ሰጡት።»

«ስለ አንቺ ያውቃሉ?»

«የት ያውቃሉ እማዬ።»

ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ገረመኝ። ስሟን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ተቀምጠው፣ ልጄን ሳያሳፍር፣ ሳይሰለች ስህተቷን የሚነግራት ነገር ሠሩ።

ምናልባት ሌላ ሳጥን ብቅ ትላለች ብዬ ስልኬን እንደያዝኩ ከጎኗ ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆየሁ። ሰብለ መጻፏን ሳታቋርጥ «እማዬ፣ አሁን ሂጂ፣ ዕረፊ። ከፈለግሁሽ እጠራሻለሁ» አለችኝ። ወደ ግቢው ወጣሁ። ዘሃራ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ምነው ታለቅሻለሽ? መልሶ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«አልጠራችኝም፣» አልኳት። ዘሃራ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ አየችኝና እርጥብ አንሶላዋን በአንድ ጫፍ አስያዘችኝ።

ሰብለ ሰኞ ጠዋት ሥራዋን ላከች። ከሳምንታት በኋላ ተደወለላት፤ ቀጠሯት። ከቤት ሆና ትሠራለች፣ አልፎ አልፎም ለስብሰባ ብቻዋን በአውቶብስ አዲስ አበባ ትሄዳለች። አሁንም ትሳሳታለች፣ አለቃዋም አንዳንዴ ያስቸግራታል። እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው የምትነጫነጨው።

እንደ ሰብለ ያለ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ኮምፒውተር ግዙ ልላችሁ አይደለም። እኔ ስለ እሱ የማውቀው የነገርኳችሁን ብቻ ነው። ግን ያን ቅዳሜ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ልጄ እንዳትሳሳት ስጠብቃት ነው የኖርኩት። እሷ የፈለገችው አለመሳሳትን አልነበረም። ተሳስታ በራሷ ማወቅን፣ በራሷ ማቃናትን ነው። እኔ ይህን ልሰጣት አልቻልኩም ነበር፤ ልሰጣት እንደሚገባም አላውቅም ነበር። ፍርሃቴ ጨርሶ ሄደ ብላችሁ እዋሻለሁ። ዛሬም ሻይ ስትጥድ እሰማለሁ። በሩ ላይ ግን አልቆምም።

ባለፈው አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ ያለች እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ለስንት ዘመን እሷ ናት ወደ እኔ የምትመጣው፤ እኔ ከቤት ወጥቼ አላድርም ነበር። በር ላይ ስታየኝ ደነገጠች።

«ሰብለን ለማን ትተሻት መጣሽ?»

«ለማንም።»

በማግስቱ ከመንደሩ ጫፍ ወዳለው ገደል አፋፍ ወጣን። ጭጋጉ ተገፍፎ ቆላው እስከ ሩቅ ይታይ ነበር። ወደ ማታ ስልኬን አውጥቼ አየሁት። በርቷል፣ ኔትወርክም አለው። ማንም አልደወለም። እህቴ ፊቴን አየችና «ደውይላት እንጂ፣» አለችኝ።

ስልኬን መልሼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ሥራ ላይ ናት፣» አልኳት።